ባለ እንቆቅልሹ፣ ዳኛውና የቅኔው መምህር

አዲስ ልብ ወለድ ሲታተም ሐያሲው «መልካም ሥራ ነው ወይስ አይደለም?» ብሎ ይጠይቃል፤ አንባቢውም የሚጠብቀው ይህንኑ ነው። ስለ ጨዋታ ሲሆን ግን ይህ ጥያቄ ሩቅ አያስኬድም። ልብ ወለድ ደራሲው ጨርሶ የሰጠን ነገር ነው። ጨዋታ ገና ያላለቀ ነገር ነው፤ የሚጨርሰው በጠረጴዛው ራስ የሚቀመጠው ሰው ነው። በአንዱ እጅ የሚያብበው በሌላው እጅ ይጠወልጋል። እኔን ይህን መረዳት ሦስት ቅዳሜና አንድ ቅያሜ አስከፍሎኛል።

ነገሩ አዲስ ለሚሆንባቸው አንባቢዎች ጥቂት ማለት ይገባል። «የሚና ጨዋታ» የምንለው አራት ወይም አምስት ሰዎች ጠረጴዛ ከብበው በቃል የሚጫወቱት ነው። እያንዳንዱ አንድ ሰው ይሆናል፤ አንዱ ሲራራ ነጋዴ፣ አንዷ የሸፈተች የባላባት ልጅ፣ ሌላው ከደብሩ የተጣላ ደብተራ። ከመካከላቸው አንዱ ግን ማንንም አይሆንም፤ ወይም የቀረውን ሁሉ ይሆናል። እሱ የጨዋታው መሪ ነው። «ወንዙ ሞልቷል፤ ከማዶ የፋኖስ መብራት ይታያል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። ተጫዋቾቹ የሚያደርጉትን ይናገራሉ። ነገሩ አጠራጣሪ ሲሆን በየገጹ ቁጥር ያለበት ዳይስ ይጣልና ዕጣው ይወስናል። አሸናፊም ተሸናፊም የለም፤ ሲነሡ ይዘውት የሚሄዱት ታሪክ ብቻ ነው። በልጅነቱ ዕቃ ዕቃ የተጫወተ ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል፤ የተጨመረበት ሕግና ዕድሜ ነው።

የዚህ ጨዋታ አያት የጦር ሜዳ ነው። በ1824 (እ.ኤ.አ.) ራይስቪትስ የተባለ የፕሩሲያ መኮንን የጦር ማሠልጠኛ ጨዋታ አሳተመ። ሁለት ወገኖች በካርታ ላይ ሲፋለሙ በመካከላቸው የቁጥር ሠንጠረዥና ዳይስ ይዞ የሚዳኝ ሰው ነበር። በ1876 ደግሞ ፎን ቬርዲ ዱ ቬርኖይስ የተባለ ሌላ መኮንን ተነሥቶ «ሕጉና ቁጥሩ በዝቷል፤ ልምድ ያለው ዳኛ ካለ በራሱ ፍርድ ይወስን» የሚል ሐሳብ አመጣ። ከዚያ ወዲህ መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ቢያልፍም ክርክሩ ያው ነው። በ1969 ዴቪድ ዌዝሊ የተባለ አሜሪካዊ በሚኒሶታ የጦርነቱን ጨዋታ ሲመራ ለእያንዳንዱ ተጫዋች በጦር ፋንታ የአንድ ሰው ሚና ሰጠው። በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ»ን አሳተሙ። ዛሬ በዓለም የሚታወቀው የሚና ጨዋታ ከዚያ ይቆጠራል።

አሁን ወደ ያዝነው ጉዳይ። «ዳገርኸርት» (በእኛ ቋንቋ «የጩቤ ልብ» እንደ ማለት ነው) በግንቦት 2017 ዓ.ም. የወጣ የአሜሪካ ጨዋታ ነው። ዋና ደራሲው ስፔንሰር ስታርክ ሲሆን አሳታሚው ዳሪንግተን ፕሬስ ይባላል። የአሳታሚው ባለቤቶች «ክሪቲካል ሮል» በሚል ስም ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የራሳቸውን ጨዋታ በካሜራ ፊት እየተጫወቱ ለዓለም ያሳዩ ናቸው፤ በሙያቸው ለካርቱንና ለቪዲዮ ጨዋታ ድምፃቸውን የሚሰጡ ተዋንያን ናቸው። ይህን አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

የጨዋታው ልብ ሁለት ባለ አሥራ ሁለት ገጽ ዳይሶች ናቸው። አንዱ ተስፋ፣ ሌላው ፍርሃት ይባላል። ተጫዋቹ ሁለቱንም ይጥልና ይደምራል፤ ድምሩ ነገሩ መሳካት አለመሳካቱን ይነግረዋል። ግን በዚህ አያበቃም። ከሁለቱ የበለጠው ተስፋ ከሆነ ተጫዋቹ አንድ ተስፋ ያስቀምጣል፤ የበለጠው ፍርሃት ከሆነ መሪው አንድ ፍርሃት ያገኛል፤ ነገሩ ቢሳካ እንኳ ጣጣ ይከተለዋል። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ከፍ ያለ ስኬት ነው። መሪው ያጠራቀመውን ፍርሃት (ከአሥራ ሁለት አይበልጥም) እየከፈለ በተጫዋቾቹ ላይ መከራ ያመጣል። ሌላው ወግ ደግሞ ተራ አለመኖሩ ነው፤ በጦርነትም ጊዜ ቢሆን «አሁን የእገሌ ተራ ነው» አይባልም። ከሁሉ በላይ ግን መጽሐፉ መሪውን «ጠይቅ» ይለዋል። ዓለሙን ብቻህን አትፍጠር፤ ያ መንደር ለምን ተቃጠለ፣ ያ ሽማግሌ ለምን ይጠላሃል ብለህ ተጫዋቾችህን ጠይቅ፤ የሰጡህንም መልስ እውነት አድርገው።

ይህን መጽሐፍ ከውጭ አገር በመጣ ዘመድ ሻንጣ አግኝቼ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት ለሚሰበሰበው ጠረጴዛችን ይዤ ቀረብሁ። አምስት ነን። ለሦስት ዓመት ያህል የመራሁት እኔ ነበርሁ። እንዴት እንደመራሁ ለመናገር ግን መጀመሪያ ስለ ሦስት ወንበሮች መናገር አለብኝ። እዚህ ጎጃም ውስጥ ጨዋታ የመምራት ጥበብ ከአሜሪካ የመጣ አይደለም። እያንዳንዱ መሪ ሳያውቀው ከሦስቱ በአንዱ ላይ ይቀመጣል ብዬ አምናለሁ።

አንደኛው የባለ እንቆቅልሹ ወንበር ነው። ማታ ምድጃ ዳር «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልሽ» የሚለው ድምፅ ይመልሳል። መልሱ አንድ ነው፤ ያለውም በጠያቂው ሆድ ነው። መላሹ ቢጨነቅ፣ ቢያላግጥ፣ ሌላ የተሻለ መልስ ቢያመጣ እንኳ ዋጋ የለውም። ሲያቅተው «አገር ስጠኝ» ይባላል። ደጀንን ቢሰጥ ጠያቂው ይንቃል፤ ቡሬን ቢሰጥ ያማርጣል፤ ጎንደርን ወይም አዲስ አበባን ሲያገኝ ነው ልቡ የሚረካው። ከዚያም ያገኘው አገር ገብቶ በድሎት ሲኖር፣ የተሸነፈው ሲዋረድ እየዘረዘረ ያሾፍበታል። መልሱ የሚገለጠው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የዚህ ወንበር ደስታ ማወቅና ማቆየት ነው። ባለ እንቆቅልሽ ሲጠይቅ ሊማር አይደለም የሚጠይቀው።

ለዚህ ወንበር የተሰፋ ጨዋታ አለ። ሳንዲ ፒተርሰን በ1981 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው «ኮል ኦፍ ክቱሉ» ነው። በላቭክራፍት አስፈሪ ልብ ወለዶች ላይ የተመሠረተ ነው፤ ተጫዋቾቹ ምሥጢር ይመረምራሉ፣ ወደ ምሥጢሩ በቀረቡ ቁጥር አእምሯቸው ይናጋል። መሪው በዚያ ጨዋታ «ጠባቂ» ነው የሚባለው። ስሙ ራሱ ይናገራል። ባለ እንቆቅልሽ የሆነ ሁሉ አንድ ጊዜ የሚወድቅበት ጉድጓድም አለ፤ ፍንጩ ያለበትን ሣጥን ተጫዋቹ ፈልጎ ዳይሱ ከከዳው መርማሪዎቹ ሁሉ እዚያው ቆመው ይቀራሉ። ሮቢን ሎውስ በ2007 ይህን አይቶ መርማሪው በትክክለኛው ቦታ ከፈለገ ፍንጩ ያለ ዳይስ የሚሰጥበትን ሥርዓት አመጣ። ያም ቢሆን መልሱ ያለው እዚያው በመሪው ሆድ ነው። እኔ ሦስት ዓመት የመራሁት እንዲህ ነበር።

ሁለተኛው የዳኛው ወንበር ነው። የበልሃ ልበልሃን ሙግት ያየ ሰው ዛሬ ብዙ አይገኝም፤ የሰማ ግን ሞልቷል። ተሟጋቾቹ ነጠላቸውን አጣፍተው ይቆማሉ፤ በቃል ኃይል፣ በምሳሌ፣ በግጥም ይፋለማሉ፤ በማር፣ በፈረስ ይወራረዳሉ። ዛሬ ክርክር ሲጦፍ «እሰጥ አገባ» የምንለው ከዚያው ውርርድ የቀረልን ቃል ነው። የሚገርመው ዳኛው ሹም መሆን የለበትም ነበር። ሁለት የተጣሉ ሰዎች መንገድ ዳር ቆመው አላፊ አግዳሚውን «ዳኘን» ሲሉት ያ ሰው ዕቃውን አስቀምጦ ይቀመጣል። ነገሩን አያውቀውም፤ ሊያውቀውም አይገባም። ኩራቱ ለማንም አለማድላቱና ዛሬ የፈረደውን ነገም በሌላው ላይ መፍረዱ ነው። የቀድሞው «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» መሪ እንዲህ ያለ ሰው ነው። ዋሻው በካርታ ተሥሏል፣ አውሬው በቁጥር ተመዝግቧል፤ ተጫዋቹ ቢሞት መሪው አያለቅስም፣ ቢድንም አያጨበጭብም። ከሦስቱ ወንበሮች ለተጫዋቹ ነፃነት የሚሰጠው ይህ ደረቅ የሚመስለው ነው የሚሉ አሉ፤ ከእውነት የራቁ አይመስለኝም።

ሦስተኛው የቅኔ መምህሩ ነው። ስለዚህ ወንበር ለጎጃም ሰው ማስረዳት ለቀባሪ ማርዳት ይሆናል። ዋሸራም፣ ጎንጅም፣ ዲማ ጊዮርጊስም፣ ደብረ ኤልያስም እዚሁ ናቸው፤ አዲስ አበባ ያለው አንባቢም ቢያንስ በ1958 ዓ.ም. በታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከበዛብህ ጋር ቅኔ ቤት ገብቶ ወጥቷል። መምህሩ አብነቱን ይሰጣል፤ ተማሪው ብቻውን ወደ ጫካ፣ ወደ ገደል ጥግ ሄዶ ይቆጥራል። ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይወጣል። ተመልሶ ለመምህሩ ሲነግር መምህሩ የሚመጣውን አስቀድሞ አያውቅም። የሚያውቀው ልኩን ነው፤ ቤቱ የት እንደሚመታ፣ ሰሙ የት እንደላላ፣ ወርቁ የት እንደጠፋ። ስለዚህ አዲስ ነገር ሲመጣበት አይደነግጥም። ያርማል፣ ያቀናል፣ አንዳንዴም ይደነቃል። ወንበሩ ላይ ያስቀመጠው ምሥጢር መያዙ አይደለም።

በዚህ ወንበር የሚቀመጥ መሪ ዓይነተኛ ጨዋታው በ2010 (እ.ኤ.አ.) ቪንሰንትና ሜጌ ቤከር ያወጡት «አፖካሊፕስ ወርልድ» ነው። በዚያ ጨዋታ መሪው ዳይስ ከቶ አይጥልም። ታሪኩ ወዴት እንደሚሄድም አያዘጋጅም፤ እየተጫወቱ ማየት ነው ሥራው። (ጭራሽ መሪ የሌለውም አለ፤ የ2009ኙ «ፊያስኮ» አንዱ ነው። ወንበሩን አፍርሶ ለሁሉም በርጩማ የሰጠ ጨዋታ ስለሆነ እዚህ አያገባንም።)

ጎበዝ መሪ በማንኛውም ጨዋታ መልካም ማምሻ ይፈጥራል፣ ሕጉ ምን ያደርጋል የሚሉ ብዙ ናቸው። ሮን ኤድዋርድስ የተባለ አሜሪካዊ በ1999 አካባቢ ይህን አባባል ተቃውሞ ሥርዓቱ ራሱ ለውጥ ያመጣል ብሎ ሲጽፍ ብዙ ጭቅጭቅ ተነሥቶ ነበር። እኔ ለዓመታት ከመጀመሪያዎቹ ጋር ነበርሁ። ሦስት ዓመት ያልከዳኝን ሙያ አዲስ መጽሐፍ ይከዳኛል ብዬ አላሰብሁም።

ለ«ዳገርኸርት» ሁለት ወር ሙሉ ተዘጋጀሁ። ዘመኑን ደብረ ማርቆስ መንቆረር ትባል ከነበረበት ወስጄ ወደ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን አስጠጋሁት። ከአንድ ደብር ዕቃ ቤት የጠፋ ብራና አለ፤ ተጫዋቾቹ ይፈልጉታል። ምሥጢሩ ይህ ነበር፤ ብራናውን የሸሸገው ራሱ ዕቃ ቤት ጠባቂው ነው፤ የሸሸገውም ሊሰርቅ ሳይሆን ሊያድነው ነው። ይህን በአምስተኛው ቅዳሜ ልገልጠው ቀጠሮ ይዤለታለሁ። የሰዎቹን ፊት ከአሁኑ ይታየኝ ነበር።

ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ መጽሐፉ «ጠይቅ» ይላልና ለወጉ ያህል ጠየቅሁ። ከመካከላችን በዕድሜ ትንሿ የሒሳብ መምህርት ናት። «የዕቃ ቤቱን ቁልፍ መጨረሻ ያየሽው በማን እጅ ነው?» አልኋት። ጠባቂው እጅ ትለኛለች ብዬ ነበር። ጥቂት አሰበችና «በእናቴ እጅ» አለች። ጠረጴዛው በአንድ ጊዜ ነቃ። ሦስት ዓመት ሙሉ በሰዓቱ እየመጣ በሰዓቱ የሚሄደው ጡረተኛ ወዳጃችን እንኳ ወንበሩን ስቦ ተጠጋ። አንዱ «እናትሽ ከጠባቂው ጋር ምን አላት?» አለ፤ ሌላው «እኔስ እናትሽን አውቃታለሁ፣ ያንን ሌሊት አይቻታለሁ» አለ። እኔ ግን ሁለት ወሬ ሲናድ ነው የታየኝ። «አይሆንም፤ እናትሽ በዚህ ታሪክ ውስጥ የለችም» አልሁ።

«ታዲያ ጋሼ፣ ለምን ጠየቁኝ?»

በቁጣ አልነበረም ያለችው። መልስ አጣሁ። ጨዋታው ያን ቀን እንደምንም ተጨረሰ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣችም።

የዚህ ጽሑፍ የመጀመሪያ ረቂቅ የተጻፈው በዚያ ሳምንት ነው። «ዳገርኸርት»ን ልቅ፣ መሪውን የሚያዋርድ፣ ማንም የፈለገውን የሚያወራበት ብዬ አወገዝሁት። ረቂቁን ቀድጄዋለሁ። የጠየቅሁት ጥያቄ መልሱ ቀድሞ በሆዴ ያለ ከሆነ እንቆቅልሽ ነው፤ እንቆቅልሽን የቅኔ ቤት ጥያቄ አስመስሎ ማቅረብ ደግሞ ተንኮል ነው። ልጅቱ ቅኔዋን ቆጥራ አመጣች፤ እኔ ቤቱ ይመታል አይመታም ሳልል «ይህ የእኔ አይደለም» ብዬ መለስኋት። ይህን የሚያደርግ መምህር ተማሪ አያገኝም።

ይሁንና ጥፋቱን ሁሉ ለራሴ ወስጄ መጽሐፉን ነፃ ልለቀው አልፈልግም። «ዳገርኸርት» ሁለት ወንበሮችን ጎን ለጎን አስሮ አንድ ሰው እንዲቀመጥባቸው የሚፈልግ ጨዋታ ነው። አካሉ የዳኛ ነው፤ ደረጃ አለው፣ የጉዳት ቁጥር አለው፣ አውሬዎቹ በዝርዝር ተጽፈዋል፣ ተጫዋቹ የሚችለው ሁሉ በካርድ ታትሟል። ይህን ገልጦ ያየ የቀድሞ መሪ ቤቱ የገባ ይመስለዋል። ነፍሱ ግን የቅኔ መምህር ነው። ለባለ እንቆቅልሹ ደግሞ ቦታ የለውም፤ እኔን ለመሰለ ሰው «ይህ የአንተ ቤት አይደለም» የሚል በቂ ማስጠንቀቂያ አላገኘሁበትም።

ሁለተኛው ጉድለት በስሌት ይታያል። ሁለት ባለ አሥራ ሁለት ገጽ ዳይሶች 144 ዓይነት አወዳደቅ አላቸው። በ12ቱ እኩል ይሆናሉ፤ በ66ቱ ተስፋ ይበልጣል፣ በ66ቱ ፍርሃት። በአንድ ከሰዓት 40 ጊዜ ቢጣል 18 ያህሉ በፍርሃት ይወድቃል ማለት ነው። 18 ጊዜ መሪው እዚያው በተቀመጠበት «ተሳካልህ፣ ነገር ግን…» ብሎ ከባዶ አንድ ጣጣ መፍጠር አለበት፤ በተስፋ ወድቆ ያልተሳካው ሲጨመር ቁጥሩ ይበዛል። ልበልበት ያልሁት የተዋንያኑ ነገር እዚህ ላይ ነው። ዝምታን በድምፅ መሙላት እንጀራቸው የሆነ ሰዎች ያሰናዱት ጨዋታ ነው። ለእነሱ 18 ጊዜ መፍጠር እስትንፋስ ነው። እኔ በስምንተኛው ላይ ደክሜ «ዝናብ ጣለ» ማለት ጀምሬ ነበር። ሦስት ጊዜ ዝናብ ጣለ።

የተራው ጉዳይ አከራካሪ ነው። አንዱ ወዳጃችን «ተራ የሌለው ጨዋታ ገበያ ነው» ሲል ተቃወመ። እኔ ተከላከልሁ፤ የቀድሞው የሀበሻ ሰንጠረዥ «ወረራ» የሚባል መክፈቻ ነበረው፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሱ ነበር፤ ማንም ገበያ ነው አላለውም። ክርክሩን አሸነፍሁ፤ ጠረጴዛው ላይ ግን እሱ ልክ ሆኖ ተገኘ። በእኛ አገር ታላቅ ሲናገር ታናሽ ያዳምጣል። ተራ ሲቀር ተራው ለታላቅ ነው የቀረው። ጡረተኛው ወዳጃችን በአንድ ውጊያ ስድስት ጊዜ ሲመታ የሒሳብ መምህርቷ አንድ ጊዜ ነው የመታችው፤ እሱም አላስተዋለም፣ እሷም አልተናገረች። በኋላ ለእያንዳንዱ ሦስት ሦስት የገበጣ ጠጠር ሰጠን፤ አንድ ነገር ያደረገ አንድ ጠጠር ያስቀምጣል፣ ሁሉም ጠጠር ካለቀ እንደ ገና ይታደላል። መጽሐፉ ውስጥ ይህን የመሰለ አማራጭ ሕግ አለ። አማራጭ መሆኑ ነው ችግሩ፤ ለእኛ ዓይነቱ ጠረጴዛ መሠረት መሆን ነበረበት።

ፍርሃቱን ግን እያደር ወደድሁት። መጀመሪያ ላይ አስቆጥቶኝ ነበር፤ ዳኛ ለመፍረድ ይከፍላል እንዴ? መከራ ለማምጣት ጠጠር መቁጠር ምን የሚሉት ነው? ከዚህም በላይ ክምሩ በግልጽ ጠረጴዛ ላይ ስለሚታይ ለአስፈሪ ታሪክ የሚያስፈልገውን ድንገተኛነት ይገድላል። ጡረተኛው ግን ሌላ ነገር አየበት። «ድሮ ስትጨክንብን የመጣልህ ይመስለን ነበር፤ አሁን ስትጨክን ከፍለህ ነው» አለኝ። ሦስት ዓመት እንዲህ ሲያስቡ እንደኖሩ ያን ቀን ነው የሰማሁት። ቃላቱም ወደ አማርኛ ሲገቡ አልተጎዱም። «ተስፋ ወጣልኝ»፣ «ፍርሃት ወጣብኝ» ሲባል በእኛ ቋንቋ የተፈጠረ ይመስላል። የካርዶቹ ነገር ግን ሌላ ነው፤ በእንግሊዝኛ የታተመውን ረጅም ጽሑፍ እያንዳንዱ ለራሱ ሲተረጉም የመጀመሪያው ቅዳሜ አንድ ሰዓት ሙሉ ሁሉም አቀርቅሮ ነው ያለፈው። ሰው ካርዱን ሲያነብ ጓደኛውን አያዳምጥም።

እንግዲህ ይህን ጨዋታ ልግዛው ወይስ ልተወው ለሚል መሪ ምን እለዋለሁ? መጽሐፉን ሲገልጥ የሥዕሉን ውበትና የዓለሙን ስፋት አይይ፤ ሥዕሉ እውነትም ያምራል። ተጫዋቹ ሲሳሳት ወይም ዳይሱ ሲከዳው መሪው ምን እንዲያደርግ ታዟል የሚለውን ገጽ ይፈልግ። «መዝገብህን ተመልከት» የሚል ከሆነ ዳኛ ይፈልጋል። «አንድ ነገር ፍጠር፣ ወይም ጠይቃቸው» የሚል ከሆነ መምህር ይፈልጋል። ከዚያ ወደ ራሱ ይመለስ። ባለፈው ዓመት ከመራቸው ማምሻዎች ሁሉ የሚያስታውሰው የትኛውን ነው? ምሥጢሩ ሲገለጥ የሰዎቹን ፊት ከሆነ ባለ እንቆቅልሽ ነው፤ ገንዘቡን «ኮል ኦፍ ክቱሉ» ላይ ያውል፣ ምንም አያፍርም። እኔም አላፍርም። አንድ ሰው ያልጠበቀውን ተናግሮ ታሪኩ ሲጠመዘዝ የተሰማውን ደስታ ካስታወሰ ግን «ዳገርኸርት» ለሱ የተጻፈ ነው፤ ስሌቱ ቢያደክመውም ይለምደዋል። የሚቸገረው ዳኛው ነው። ግማሹን ይወደዋል፣ በግማሹ ይናደዳል፤ ሁለት ማምሻ ተውሶ ሳይሞክረው ባይገዛው ይሻላል። ሮቢን ሎውስ በ2002 ባወጣው ስለ ጨዋታ መምራት በጻፈው ትንሽ መጽሐፉ ተጫዋቾች ምን ምን ዓይነት እንደሆኑ በደንብ ለይቷል። መሪዎችም እንዲሁ ዓይነት አላቸው፤ ስለዚህ ግን የሚጻፈው ጥቂት ነው፤ ምናልባት የሚጽፉት መሪዎች ስለሆኑ ይሆናል።

ቅያሜውን በተመለከተ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ጡረተኛውን ሽማግሌ አድርጌ ይቅርታ ጠየቅሁ። ሳቀችብን፤ ለጨዋታ ሽማግሌ ይላካል ወይ ብላ። ግን አንድ ነገር ጠየቀች፤ መጽሐፉን እንዳውሳት።

አሁን ቅዳሜ በፈረቃ ነው። አንዱን ሳምንት እኔ የምርመራ ታሪኬን ይዤ እቀርባለሁ፤ ምሥጢሬ በሆዴ ነው፣ ማንንም አልጠይቅም። ሌላውን እሷ «ዳገርኸርት»ን ትመራለች። 18 ጊዜ መፍጠር አያደክማትም፤ ክፍል ውስጥ ስድሳ ተማሪ የለመደ ሰው ምን ያደክመዋል። እኔ ከደብሩ የተጣላ ደብተራ ሆኜ እጫወታለሁ። የብራናው ነገር ከቆመበት ነው የቀጠለው፤ ቁልፉ በእናቷ እጅ ነው፤ ጠባቂው የት እንደገባ ማንም አያውቅም፤ እሷም አታውቅም።

ባለፈው ቅዳሜ ሌሊት ለሌሊት ከመንቆረር ወጥተን ጨሞጋ ደረስን። ወንዙ ሞልቷል። እሷ ዳይሱን አስቀምጣ ወደ እኔ ዞረች።

«ጋሼ፣ ከማዶ በስምዎ የጠራዎት ሰው ማን ነው?»

አላውቅም ነበር። የገበጣውን ጠጠር በእጄ እያገላበጥሁ ዝም አልሁ፤ ማንም አልቸኮለም። «የቅኔ መምህሬ ነው» አልሁ በመጨረሻ፤ «ሞቷል ተብዬ ነበር።» ጡረተኛው ወንበሩን ሳበ። እሷ ከፍርሃቱ ክምር አንድ ጠጠር አነሣች።